ነፋሱ ወዴት ሄደ?

በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ ስለ መኪና ኤሲ መጻፍን ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ነገሩ ከሙያችን ጋር ይገናኛል፤ ታገሡኝና አንብቡት።

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ኮንትራት የሚሠራበት አሮጌ፣ የአሜሪካ ሥሪት የቤንዚን መኪና አለው። የድሬን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ኤሲ የሌለው መኪና ደንበኛ አያገኝም። አምና ክረምት ለእረፍት ቤት ስገባ አባዬን ተናዶ አገኘሁት። ሐረር የሚያደርሳቸው ሰዎች "ኤሲው አይሠራም" ብለው ሒሳብ ቀንሰውበታል። ጋሼ የምንለው የሰፈራችን መካኒክ ጋዝ ሞልቶለት ነበር፤ ግን ምንም ለውጥ የለም። እኔም ጎረቤት ቡና ላይ፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ "ሰውዬው እኮ አጭበርባሪ ነው፤ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ብር ይቀበላል" አልኩ። አንደኛ ዓመትን መጨረሴ ነበርና ሁሉን ያወቅኩ መስሎኛል።

ወሬው በማግስቱ ደረሰው። ጋሼ ሳይቆጣ ቤታችን መጣና አባዬን "መቼ መቼ ነው የማይሠራው?" ብሎ ጠየቀው። ለካ ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀም! እሱ ራሱ ኤሲውን የሞከረው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናው ቆሞ ነው። ቆሞ ደግሞ ደህና ይሠራል። አባዬ "ደንገጎ ዳገት ላይ ነው" አለው። "በሉ እንሂዳ። አንቺም ደብተርሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ ጋሼ።

ከፊት ተቀመጥኩና እጄን ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የአየር መውጫ ፊት አደረግኩ። ሜዳው ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ ፊታችን ይመጣል። ዳገቱ ተጀምሮ አባዬ ነዳጅ ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ግን አየሩ ቀስ እያለ ጠፋ። "አሁን እጅሽን መስተዋቱ ሥር አድርጊ" አለኝ። አየሩ እዚያ ነበር፤ ያውም እንደቀዘቀዘ! አባዬ እግሩን ሲያላላ ተመልሶ መጣ። አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራቱም አንድ ዓይነት።

"አየሽ፣ አየሩ ከቀዘቀዘ ጋዙም ኮምፕሬሰሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። የተበላሸው አቅጣጫው ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደዚህ ባሉ መኪኖች ውስጥ አየሩን ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስተዋት የሚመሩት ትንንሽ በሮች የሚንቀሳቀሱት በቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቫኪዩሙ ብርቱ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይደክማል። ደጋ ሲወጣ ደግሞ የአየሩ ግፊት ራሱ ስለሚያንስ ጭራሽ ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል ቫኪዩም የሚያጠራቅም ጣሳና አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ተደርጎለታል፤ ዳገቱ እስኪያልፍ ይዘውት ይቆያሉ። አንድ ቦታ ካፈሰሰ ግን የተጠራቀመው ያልቅና በሮቹ ወደ መስተዋቱ ይመለሳሉ። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ነገሩ ቢበላሽ እንኳ የሾፌሩ መስተዋት በጉም እንዳይሸፈን።

ዳገቱ መሐል ዳር ይዘን ቆምን። ጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኤሲውን ማራገቢያ አስጠፍቶ ጆሮውን አቆመ። "ስስ..." የሚል ቀጭን ፉጨት አለ። ሞተሩን አስጠፋና ቫልቩን ነቅሎ በአፉ ነፋበት፤ በአንድ በኩል አሳለፈ፣ በሌላው ከለከለ። ደህና ነው። ከዚያ ቱቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄደ። ባትሪው አጠገብ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ የማታክለው የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ደርቃ ተሰንጥቃለች። የተሰነጠቀውን ቆርጦ በቁራጭ የጎማ ቱቦ ቀጠለው። አለቀ! የቀረውን ዳገት ስንወጣ አየሩ ከፊታችን አልተንቀሳቀሰም።

መንገድ ላይ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ፍሬኑንም የሚያግዘው ያው የሞተሩ ቫኪዩም ስለሆነ ፉጨት የሰማ ሰው "ኤሲ ነው" ብሎ መተው የለበትም። ሁለተኛ፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች በሮቹን የሚያዞሩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው፤ እዚያ ቱቦ መፈለግ ድካም ነው።

ስንመለስ ጋሼ የጋዙን ብር ሊመልስ እጁን ኪሱ ከተተ። "መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም" አለ። አባዬ አልቀበልም አለው። እኔ አንገቴን ደፍቼ "ይቅርታ ጋሼ" አልኩ። ዝም ብሎ አየኝና፣ "ቡና ላይ የተናገርሽውን ቡና ላይ መልሺው" አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። "ተሳስቼ ነው፤ እሱ አላጭበረበረም" ስል ምላሴ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስለ እርማት ስንማር ሁልጊዜ ያ ቡና ትዝ ይለኛል። ስሙን ሳጠፋው የሰሙኝ ሰባት ነበሩ። እርማቱን የሰሙት አራት ናቸው።

የቀሩትን ሦስቱን ዘንድሮ ክረምት ስገባ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።