ፀሐይን በገባዖን ማን አቆማት?

ምድር አትንቀሳቀስም የሚሉ ሰዎች ጋሊሊዮን የሞገቱበት ዋና ጥቅስ ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን ያቆመበት ታሪክ ነው። ቆመች ከተባለ ስትሄድ ነበር ማለት ነው፤ ክርክሩ አለቀ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1613 ለደቀ መዝሙሩ ለካስቴሊ በጻፈው ደብዳቤ የሰጠው መልስ ግን ተንኮል አለበት። እሺ፣ በእናንተው ትምህርት እንሂድ ይላል። በቶለሚ ሥርዓት ቀንና ሌሊትን የሚያፈራርቀው ከከዋክብት ሁሉ በላይ ያለው የመጨረሻው ሰማይ ነው፤ በየዕለቱ አንዴ ሲዞር ፀሐይንም ጨረቃንም ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። የፀሐይ የራሷ ጉዞ በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ዙሩንም የምትጨርሰው በዓመት ነው። እንግዲህ የቆመው የፀሐይ የራሷ ጉዞ ከሆነ ዕለቱ መርዘሙ ቀርቶ በአራት ደቂቃ ገደማ ያጥር ነበር! ቀኑ እንዲረዝም ኢያሱ ማዘዝ የነበረበት የላይኛውን ሰማይ ነው። ያዘዘው ግን ፀሐይን ነው። ፊደሉን እንጠብቃለን ባዮቹም ሳያውቁት ተርጓሚዎች ነበሩ።

✦

የዚያን ዘመን ሊቃውንት «የመጽሐፍ ቅዱስ ሰማይ» ብለው የተሟገቱለትን ሰማይ የሠራው፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ የኖረ፣ ክርስቲያን ያልነበረ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ቶለሚ ነው። ድቡልቡል ምድር፣ በክብ ላይ ክብ የሚዞሩ ፕላኔቶች፤ ይህን ከዘፍጥረት ማውጣት የሚችል ካለ ይምጣ።

✦

ለፊደሉ ከልቡ የታመነ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ። ዓፄ ካሌብ በደቡብ ዐረቢያ ላይ ለመዝመት ሲዘጋጁ አዱሊስ ነበር። በዙፋን ቅርጽ በተሠራ የድንጋይ መንበር ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ ለታሪክ ያቆየልን እሱ ነው፤ ድንጋዩ ጠፍቶ ግልባጩ ቀረ። በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍ ግን ዓለምን በሙሴ ደብተራ ኦሪት አምሳል ሣላት፦ ወለሏ ዝርግ፣ ርዝመቷ ከስፋቷ የበለጠ፣ ጣሪያዋ ቅስት። ፀሐይ ማታ የምትሰወረው በሰሜን ካለ ታላቅ ተራራ ጀርባ ነው። የዚያው ከተማና የዚያው ዘመን ሰው የነበረው ክርስቲያኑ ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ሙሴን ከድቡልቡል ምድር ጋር አስታረቀ፤ የሰፋውም የእሱ ዓይነቱ መንገድ ነው። ኮስማስ ብቻውን ቀረ። ያም ሆኖ «የጥንት ክርስቲያኖች ምድር ጠፍጣፋ ናት ይሉ ነበር» ለማለት ሲፈለግ ዛሬም የሚጠራው እሱ ነው። ስለ አዱሊስ ሲነሣ ታማኝ ምስክር፣ ስለ ሰማይ ሲነሣ መሳቂያ!

✦

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በውስጡ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት ትገባለች። ዕለቱ በ18 ክፍል ይከፈልና በዓመቱ ረጅሙ ቀን 12ቱ ለቀን፣ 6ቱ ለሌሊት ይሆናሉ፤ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ረጅሙ ቀን ወደ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር ዓመቱን ሙሉ የማንቸገረውም ለዚሁ ነው። የሌሊቱን እጥፍ የሆነ ቀን ለማየት እስከ ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል። ይኸው 2 ለ1 ስሌት በጥንታዊ የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ አለ፤ ለባቢሎን ራሷም አይሠራም። ጸሐፍቶቻችን ግን ደጃቸው ላይ ያለው ሰማይ ሌላ እያሳየ መጽሐፉን ሳያዛቡ ለዘመናት ገለበጡ። ሰማዩን ስላላዩ አይመስለኝም። የመጽሐፉ ሥራ ሌላ እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል።

✦

የበዓላት ማውጫው ስሌት ባሕረ ሐሳብም ማን ማንን እንደሚዞር አይጠይቅም። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮቹ ተደምረው 30 ይሆናሉ፣ በ19 ዓመት ይመለሳሉ፣ ፋሲካም ይወጣል።

✦

ኮፐርኒከስ ምድርን ከመሐል አንሥቶ ሰውን ከክብር ቦታው አወረደው ይባላል። የዳንቴን ሲኦል ያየ ይህን አይልም፤ የዓለሙ እምብርት ላይ ያለው ሰይጣን ነው። በዚያ ሰማይ መሐል ማለት ከታች ማለት ነበር።

✦

ካርዲናል ቤላርሚኖ በ1615 የጻፈው ደብዳቤ ከስሙ ይሻላል። የምድር መዞር በእውነት ከተረጋገጠ፣ የተረጋገጠውን ሐሰት ከማለት ቅዱሱን ቃል አልተረዳነውም ማለት ይቀላል ይላል፤ «ማረጋገጫ ግን አላየሁም» ሲልም ያክላል። በእርግጥም አልነበረም። ጋሊሊዮ ይመካበት የነበረው የባሕር ውኃ መውጣትና መውረድ በዋናነት የጨረቃ ሥራ ነው፤ ማስረጃው ስሕተት ነበር። በ1616 ግን ሮም አልጠበቀችም፣ አገደች። የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ከተከለከሉት ዝርዝር የወጣው በ1835 ነው።

✦

ዛሬም በተለይ በአሜሪካ ምድር ፈጽማ አትንቀሳቀስም የሚሉ አሉ። እንደ እነሱ ከሆነ ኔፕቲዩን በየቀኑ እኛን ለመዞር 28 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ አለበት፤ ብርሃን በቀን የሚሄደው 26 ቢሊዮን ገደማ ነው። ጠፈሩ ራሱ ይዞት ይዞራል ብለው ያመልጣሉ። ይህን እንኳ እንለፈው። የሚከተሉት ሥርዓት የዴንማርካዊው የቲኮ ብራሄ ነው፦ ፀሐይ ምድርን ትዞራለች፣ ሌሎቹ ፕላኔቶች ደግሞ ፀሐይን። ቲኮ ፕላኔቶቹን በፀሐይ ዙሪያ ያደረገው ያየው ሰማይ ከቶለሚ ስላልገጠመለት፣ ማለትም በምልከታና በስሌት ነው። ማርስ ፀሐይን ትዞራለች የሚለው ጥቅስ ከየትኛው ምዕራፍ ተገኘ?