ዛፉን ማን አመጣው?

በአንድ ምንጭ ዜና አትሥሩ እየተባልን ነው ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅነው። ሰሞኑን ታዲያ ምንጮቻችን ዘርና ቅርንጫፍ ሆነው አረፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃዋይ ደሴቶች የባሕር ዳርቻ ሀው የሚሉት ዛፍ አለ። ሊኒየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ሂቢስከስ ቲሊያሲየስ ብሎ ስም አወጣለት። ይህ ዛፍ ወደ ሃዋይ በባሕር ተንሳፎ ራሱ መጣ ወይስ የፖሊኔዥያ መርከበኞች በታንኳ ጭነው አመጡት? ክርክሩ የሥራ ፈት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዛፉ አንዳንድ ቦታ ወንዝ ዳሩንና የጥንቱን የዓሣ ማርቢያ ኩሬ ውጦ ይዟል። ይቆረጥ አይቆረጥ ሲባል "የአገሩ ነው ወይስ መጤ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። "መጤ" የሚለው ቃል በእኛ አገር በሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስለምናውቅ ጆሯችንን አቆምን።

መጀመሪያ መልኩን እንንገራችሁ። ባሕር ሳናይ ላደግን ልጆች እንግዳ ይመስላል እንጂ ዘመዶቹ ጓዳችን ውስጥ አሉ። ባሚያ፣ ጥጥና ከርከዴ ከእሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የባሚያን አበባ ያየ ሰው ግማሹን አይቷል፤ ቢጫ ነው፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ቀይ። ልዩነቱ የሚመጣው ቀኑ ሲገፋ ነው። ጠዋት ቢጫ ሆኖ የፈነዳው አበባ ወደ ማታ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ቀይ ይሆንና ይረግፋል። ላዩ ቢጫ፣ ሥሩ ቀይ ዛፍ በሉት። (የጥጥ አበባም እኮ ነጣ ብሎ ፈንድቶ በማግስቱ ሐምራዊ ይሆናል። የቤተሰብ ጠባይ ነው መሰለን።) ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ከፍቅር ካርድ ላይ የተቀዳ ይመስላል። ከሥሩ በኩል ነጣ ያለ ጸጉር አለው፤ ጅማቶቹ የሚነሡበት ቦታ ላይ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጣ ስንጥቅ አለ። ጉንዳን አድራሻውን አይጠፋውም።

ወደ ምስክሮቻችን። ዘሩ በውስጡ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፤ ወራት በጨው ውኃ ቆይቶም ይበቅላል። ስለዚህ "ማንም አላመጣኝም፣ ራሴ መጣሁ" ሊል ይችላል። ቅርንጫፉ ግን ሌላ ይናገራል። መሬት በነካበት ቦታ ሥር ይሰዳል፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ ይዞ ለሚጓዝ መርከበኛ የተመቸ ነው። መርከበኛው የሚይዝበት ምክንያትም ሞልቷል። ከልጡ ገመድ ይወጣል፤ እንጨቱ ቀላል ስለሆነም ታንኳ እንዳይገለበጥ በጎኗ ለሚታሰረው ተንሳፋፊ ይሠሩበታል።

ሦስተኛ ምስክር ብለን ስሙን ጠራን። በሃዋይ ሀው፣ በሳሞአና በቶንጋ ፋው፣ በፊጂ ቫው፣ በጃቫ ዋሩ። ስሙ የሰዎቹን የባሕር መንገድ ተከትሎ ሄዷል። "አለቀ፣ ሰው ነው ያመጣው" ልንል ስንል ኒውዚላንድ አቆመችን። እዚያ ይህ ዛፍ የአገሩ በቀል አይደለም። ማኦሪዎች ግን ስሙን ይዘው ሄደው፣ ቅጠለ ሰፊና እንጨቱ ቀላል ለሆነ ሌላ ዛፍ ፋው ብለው ሰጡት። ስም ያለ ዛፉ ከተጓዘ ምኑን ምስክር ሆነ?

እኛ ብንጠየቅ ዘሩንም ቅርንጫፉንም እናምናቸዋለን። ከፊሉ በማዕበል፣ ከፊሉ በታንኳ ቢመጣ ማን ይከለክለዋል? ኩሬ የዘጋው ይቆረጥ፤ የሚቆረጠው ግን ኩሬ ስለዘጋ ይሁን። የባሕሩን ዳር ይዞ የቆመውን "መቼ መጣህ?" ብሎ መጥረቢያ ማንሣት ደስ አይለንም።

ለቆራጮቹ ደግሞ አንድ ነገር እንጠቁም። እርጥብ መሬት ላይ ጥለውት የሄዱት ቅርንጫፍ ሥር ሰድዶ ይጠብቃቸዋልና ጠርገው ያውጡት።