የአባቴ ቮልስ ስንት ታወጣለች?

የአባቴ ቮልስ የ67 ሞዴል ናት (በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው)። ከእኔም ከታላቅ ወንድሜም ትበልጣለች። እናቴ ደስ ሲላት «የበኩር ልጁ» ትላታለች፤ ሲከፋት ደግሞ «ጣውንቴ»።

አባቴ በየዓመቱ ሙሉ ኢንሹራንስ ይገባላታል። ውሉ ላይ የሚያስጽፈው ዋጋ ግን ሁሌም 100 ሺህ ብር ነው። ዋጋው ከፍ ሲል ዓረቦኑም ከፍ ይላላ! «ደግሞስ አሮጌ ቮልስ ማን ይሰርቃል?» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ ይመስለኝ ነበር። ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄ የቤታችንን የኢንሹራንስ ውል አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም።

በ2017 ክረምት አባቴ ውሻ አድናለሁ ብሎ ከመብራት እንጨት ጋር ተላተመ። እሱ ደህና ነው፤ ውሻውም። የቮልሷ የግራ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራቷና ኮፈኗ ግን እንዳልነበሩ ሆኑ። ጋራዡ 60 ሺህ ብር ጠራ። አባቴ አልደነገጠም። «የገባሁት 100 ነው፣ የምጠይቀው 60፤ ምን ጎደለባቸው?»

ኢንሹራንሱ 15 ሺህ እከፍላለሁ አለ። ከዚያም ላይ ተቀናሽ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድርጅቱ ገማች መኪናዋ በዛሬ ገበያ 400 ሺህ ታወጣለች አለ። አባቴ የገባው ለ100 ሺህ ነው፤ ለሩቧ ማለት ነው። ስለዚህ የሚከፈለው የጉዳቱ ሩብ ነው። ለቀሪው ሦስት እጅ የራሱ ኢንሹራንስ ራሱ ነው። እኛ ቤት ያ ቁጥር ጣሪያ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ትንሿ ጭረትም የምትሰፈረው በእሱ ነው። እስቲ የእናንተንም ውል ከመሳቢያ አውጡትና እዩት።

ቮልስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሌላ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እሷ ግን የመጨረሻዋ በ1995 ሐምሌ ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራች ወዲህ አዲስ እህት የላትም። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የመለዋወጫውን ነገር ተዉት። አባቴ ያስጻፈው 100 ሺህ ግን ንቅንቅ አላለም።

ውሉ ሲታደስ አብሬው ሄድኩ። 400 ሺህ ይጻፍልን አልን።

«አባባ፣ ለ67 ሞዴል ይህን ያህል አንመዘግብም። እርጅና ይታሰባል» አለች ልጅቷ።

«የእናንተው ገማች ነው እኮ 400 ሺህ ያለው!» አልኩ።

«እሱ ካሣ ክፍል ነው። ይሄ ውል ክፍል ነው።»

እዚያው ልጮህ ነበር። አባቴ እጄን ያዘኝ።

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የገለልተኛ ገማች መሐንዲስ ግምት፣ የሞተር እድሳቱ ደረሰኝ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ሳይቀር የሚታይበት ፎቶ፣ የራሳቸው የካሣ ደብዳቤ ኮፒ። (ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጠችው «ጣውንቷ» ናት።) 500 እናስጽፍ ብዬም ነበር፤ መሐንዲሱ ሳቀብኝ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ካሣ ንብረቱ ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፤ ትርፉ ዓረቦን ብቻ ነው።

በመጨረሻ 400 ሺህ ተጻፈ። አባቴ ዓረቦኑን አየና መነጽሩን አወለቀ። ከጡረታው ላይ ነዋ። ግማሹን እኔ ልክፈል አልኩ፤ እንዳልሰማ ሆኖ ፈረመ።

መኪናዋ ትነዳለች። ፓራፋንጎው ግን ቀለም አልተቀባም፤ ለእሱ ገና ብር እያጠራቀምን ነው።