ልጄን አትሽሹት፣ ችፌ አይጋባም!

እናንተዬ፣ ለመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ከሚያድር ሕጻን ጋር ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? «ተኝታችሁ» ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገርስ የለም። ትንሿ እጅ ከክርን እጥፋት ወደ ጉልበት እጥፋት፣ ከጉልበት ወደ አንገት ስትመላለስ ታነጋለች። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ ይገኛል። እኛ ከሚሴዎች ደግሞ ሙቀቱ አለብን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሰንበቴን ተሻግሮ ከሚሴ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወልቀው ሹራቡን ነው። ላብ በተላጠ ቆዳ ላይ ሲወርድ ለትልቅ ሰውም አይቻል፣ እንኳን ሁለት ዓመት ላልሞላው!

የልጄ በሽታ ችፌ ይባላል፤ ሐኪሞች «ኤግዚማ» ይሉታል። ወደ ሕክምናው እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ከማሳከኩ የባሰውን ላውጋችሁ። እሱም የሰው ሽሽት ነው።

«ከልጄ ጋር አይጫወት»

በኛ ሰፈር ልጅ የጋራ ነው። ቡና ሲፈላ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። የኔው ልጅ ጉንጩና ክንዱ ሲሻክር ግን እቅፉ እየቀነሰ መጣ። አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እከክ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ልጇን በዘዴ ጠርታ ወሰደች። አንዲት ትልቅ ሴት ደሞ «አብሽሪ ልጄ፣ ማሻአላህ ሳይሉ አይተውብሽ ነው፤ ክታብ አሲዢው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በሰፊው ተዛምቶ ስንቱን ቤተሰብ አንገብግቧል። ከዚያ ወዲህ የሚያክ ልጅ አይተው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ግን እኮ ችፌና እከክ ለየቅል ናቸው! እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፤ ቆዳ ውስጥ ትገባለች። ጣቶች መሃል፣ አንጓ ላይ፣ ወገብ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ማከክ ሲጀምር ሌላውም ይከተላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰጣል። ጭርት ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ክብ ሠርቶ ዳር ዳሩ ይነሳል፣ ይጋባልም። ችፌ ግን ከማንም ወደ ማንም አይሄድም። አብረው ቢጫወቱ፣ ተቃቅፈው ቢተኙ አይጋባም። እኛ ቤት ስድስት ነን፤ ይኸው ዓመት አልፎናል፣ ከሱ በቀር ያከከ የለም። ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይምጣ?

ታዲያ ምንድነው? ቆዳው እርጥበት መያዝ አቅቶታል። ልስኑ እንደተሰነጠቀ ግድግዳ በሉት። ከውስጥ እርጥበቱ ያመልጣል፣ ከውጭ አቧራውና ሳሙናው ይገባል። ሰውነት ይቆጣል፤ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይላጣል፤ ሲላጥ ደግሞ የባሰ ያሳክካል። በዘር የሚመጣ ነገርም አለበት፤ አስምና አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች አውሮፓውያን ላይ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጓድል የዘር እክል ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በአውሮፓ የታወቁትን እክሎች አላገኘባቸውም። የኛ ሰው ቆዳ የራሱ ታሪክ አለው ማለት ነው።

ሌላም አለ። መጻሕፍቱ «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ። ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ አትጠብቁ! ጠቆር ያለ፣ አመድማ፣ ሻካራ ሆኖ ነው የሚታየው። ሲድን ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ይተዋል። «ለምጽ ወጣበት» ያሉኝም ነበሩ። ለምጽ አይደለም፤ ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ሲነሳበት ምን ይደረጋል?

ችፌ ዛሬ ታክሞ ነገ የሚረሳ አይደለም። ይተኛል፣ ይነሳል። ብዙዎቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል። እስከዚያ ግን ሥራው የየዕለት ነው።

መጀመሪያ ገላ። በቀን አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሽቶ ያለበት ሳሙና ይቅር። በፎጣ መፈተግ የለም፤ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ነው። ገላው ወዛም እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀባል። ቀን ሳሳ አድርጌ፣ ማታ ወፈር አድርጌ ነው የምቀባው፤ በኛ ሙቀት ቀን ከወፈረ ላቡን ያፍነዋል። ቁስሉ ጠፋ ብሎ ቅባቱን መተው ዝናቡ አባራ ብሎ ጣራ እንደማፍረስ ነው። ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣ ቅቤ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ቅቤውን ለሆዱ እንተውለት! ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና እንዶድማ የተላጠ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ በጭራሽ!

ሁለተኛ መድኃኒት። ሲነሳበት ሐኪም የሚያዘው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ስቴሮይድ ነው፤ ለሕጻን ለምሳሌ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ። ልኩን ላሳያችሁ። ከቱቦው ተጨምቆ የትልቅ ሰው ጠቋሚ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ላይ የሚያርፈው ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የትልቅ ሰው መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ተቀብቶ፣ ቆዳው ሲረጋ ይቆማል። «ስቴሮይድ ነው፣ አልነካውም» ብሎ ልጅን ማሰቃየትም ልክ አይደለም።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንዲት የማውቃት እናት «በሦስት ቀን ድራሹን ያጠፋልሻል» ተብላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክሬም ገዛች። እውነትም በሦስት ቀን ጠፋ! ከዚያ ባቆመች ቁጥር ብሶ ይነሳል፤ ትቀባለች፤ ይጠፋል፤ ይነሳል... በስተኋላ የልጅቷ ጉንጭ ሳስቶ የደም ሥሯ ይታይ ጀመር። ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን የመሳሰሉት ብርቱ መድኃኒቶች ናቸው። ሐኪም በልኩ ሲያዛቸው ይጠቅማሉ፤ ለሕጻን ፊት ግን በራስ ውሳኔ የሚቀቡ አይደሉም። «ፊት ያጠራሉ» ከሚባሉት ክሬሞች ውስጥም ይኸው የሚገኝባቸው አሉ። ጭርት ላይ ከተቀቡ ደግሞ ለጊዜው ሸፍነው ውስጥ ውስጡን ያስፋፉታል። እህቶቼ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ልጅ አትቀቡ!

ሦስተኛ የሚያስነሳውን ማወቅ። ጥፍሩን አሳጥሩ። ከአባቱ ያረጀ የጥጥ ሽርጥ የሌሊት ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ የታጠበ፣ የለሰለሰ ጥጥን የሚያህል የለም። ሲብስበት ከቅባቱ በላይ በውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ላስቲ አደርግለታለሁ፤ ያበርድለታል። ልብሱን ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ዕጣኑና የሲጋራው ጭስ ካለበት ቤት አውጡት። ወደ ደሴ ብርድ ስትወጡም ቅባቱን ጨምሩ፤ ደረቅ ብርድ እንደ ሙቀት ያስነሳዋል። ክታቡንም ቢሆን አልከለክልም፤ ብቻ አንገቱን እየፈተገ እንዳይልጠው ልብሱ ላይ ይሁን። እንቁላልና ወተትንም በግምት አትከልክሉት። በልቶ ወዲያው የሚያብጥ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ለሐኪም ንገሩ፤ አለዚያ በችፌው ላይ ረሃብ መጨመር ነው።

ምች ያለበት አይሳመው!

ይኼን በቀይ አስምሩበት። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ለትልቅ ሰው የሳምንት ነገር ነው፤ ችፌ ያለበትን ሕጻን ግን ለከፋ አደጋ ይጥለዋል። እኛ ደግሞ ልጅ ሳንስም አናልፍም! ባንድ ቦታ ተሰብስበው የወጡ ውሃ የቋጠሩ ወይም የተቦረቦሩ ትናንሽ ቁስሎች ካያችሁ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ነገ ሳትሉ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ከመጣም ቁስሉ አመርቅዟልና መታየት አለበት። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን፣ ለኛ አካባቢ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አለርት አለላችሁ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኔ ቅባቱን እቀባለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጣለሁ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ብቻዬን አልችልም። ልጅ ቆዳው ሲሻክር ሰው እንደሚሸሸው አሁን አይገባው ይሆናል፤ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይገባዋል። ታክሲ ውስጥም ሆነ ሰርግ ቤት፣ ክንዱ የሻከረ ሕጻን ብታዩ ልጃችሁን አትሳቡ። እናቱንም «ምን ነካው?» ከማለት «ሌሊት ይተኛልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እኔን እንዲያ ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ዛሬ ከእህቴ አላንሳትም።

ቸር ያሰማን!