በአንድ እግር ስለ መቆም

በቦንጋ ከተማ በረዶ የሚታየው ከሰማይ እየወረደ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ የካፋ ተማሪ ስለ በረዶ ላይ ሸርተቴ መጻፉ ሳያስቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን የምጽፈው ስለ በረዶው አይደለም፤ ስፖርተኞቹ ወደ በረዶው ከመግባታቸው በፊት በደረቅ መሬት ላይ ስለሚሠሩት ልምምድ ነው።

ፊገር ስኬቲንግ በሚባለው ስፖርት ተወዳዳሪው ከጫማው ሥር በተገጠመ ቀጭን ብረት ይንሸራተታል፤ ዘሎም በአየር ላይ ይሽከረከርና ወደ ኋላ እየሄደ በአንድ እግሩ ያርፋል። በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ሲያርፍ ግን ያ አንድ እግር ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ይሸከማል። እንዲህ ያለው እግር የሚዘጋጀው አስቀድሞ በመሬት ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ ያነሣሣኝ የገዛ እግሬ ነው። አባቴ በጫካ ውስጥ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ ሰው ነው፤ አሁን ግን ጕልበቱ ደክሟል። የበኵር ልጁ እኔ ስለ ሆንኩ ገመዱን መረከብ ይገባኛል። ሆኖም የግራ ቍርጭምጭሚቴን በክረምት ጭቃ ሁለት ጊዜ ወለም ስላለኝ እናቴ ዛፍ እንዳልወጣ ከለከለችኝ። አባቴም በካፊኖኖ፥ «መሬት ላይ ያልጸና እግር ዛፍ ላይ አይጸናም» አለኝ።

ወለምታ የደረሰበት እግር ሕመሙ ካለፈ በኋላም ሚዛኑን ቶሎ ስለማያገኝ፥ ደግሞ የመታጠፍ ዕድሉ ብዙ ነው። ለዚህ የሚረዳው ሚዛንን ማለማመድ መሆኑን ስረዳ፥ ይህን ጥበብ ከማን እንደምማር አሰብኩ። በአንድ እግር በመቆም ከበረዶ ተንሸራታቾች የሚበልጥ ማን ይገኛል?

ልምምዳቸው ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ በአንድ እግር ቆሞ መቍጠር፤ ቀጥሎ ዐይንን ጨፍኖ መቍጠር ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዐይኑ፥ በውስጥ ጆሮውና በጡንቻና በመገጣጠሚያው ስሜት ስለ ሆነ፥ ዐይን ሲጨፈን ሥራው ሁሉ በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ በአምስት ቍጥር ውስጥ ትዕቢትን ያበርዳል! በአንድ እግር ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሣት፥ በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝን ማንሣት፥ ዘሎ በአንድ እግር ማረፍና ጕልበትን አጥፎ ሳይነቃነቁ መቆምም አለ። እጅን ደረት ላይ ሰብስቦ በአየር ላይ መዞርንም ይለማመዳሉ፤ ክንድ ሲሰበሰብ ሰውነት ይፈጥናልና። ይህ ለማር ቈራጭ ምንም አይጠቅምም፤ እኔ ግን ስለሚያስደስተኝ እሠራዋለሁ።

ጓደኞቼ «ሽመላ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ለእነርሱ የምነግራቸው ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሲሆን፥ በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን በመወከል የመጀመሪያው ሰው ሆኗል፤ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨርም ተሰልፏል። የእርሱ ስፖርት ረጅም መንገድ በበረዶ ላይ የሚኬድበት ስኪ እንጂ ፊገር ስኬቲንግ አይደለም። ቢሆንም በአገሩ በረዶ ስላልነበረ፥ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በመንገድ ያዩት ሰዎች ምን ስም አውጥተውለት ይሆን?

ዛሬ ዐይኔን ጨፍኜ በቀኝ እግሬ እስከ 50፥ በግራው እስከ 30 እቈጥራለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ አብራኝ ትቈጥራለች፤ 30 ላይ ስደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ባለፈው እሑድ አባቴ ገመዱን ከጓዳ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልተናገረም።