ቅሉና ድንቢጦቹ

በልጅነቴ አምባሰል ላይ፣ ማማ ወጥቼ ከማሽላችን ወፍ የማባርረው በወንጭፍ ነበር። አሁን ግን ሐይቅ ከተማ፣ ጓሮዬ ባለው ዘይቱን ላይ ቀለም የቀባሁትን ቅል ሰቅዬ፣ ማሽላ እየጨመርኩ ወፎችን እጠራለሁ። ድንቢጦቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ በአራተኛው ቀን መጡ። ጌታን አመሰገንኩ።

በዚያው ጠዋት ጎረቤቴ አንድ ጣሳ ማሽላ እንዳበድራት ጠየቀችኝ። «የለኝም» አልኳት። ዓይኗ ቅሉ ላይ አረፈ፤ ምንም ሳትል ሄደች።

ማታ ማቴዎስ 6፥26ን ሳነብ ቃሉ ወቀሰኝ። ጌታ ወፎችን ያሳየን፣ ሰው ከእነርሱ እንደሚበልጥ ሊነግረን ነው። እኔ ወፍ መግቤ ሰው በባዶ እጁ ሰደድኩ። በማለዳ ጣሳዬን ሞልቼ በሯን አንኳኳሁ፤ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

ጌታ ሆይ፣ ለወፍ የዘረጋሁትን እጅ ከሰው እንዳላጥፍ እርዳኝ። አሜን።