ጆሮና ጉባኤ፦ የርካሹ ገመድ አልባ ማዳመጫ ሚዛን

ጎጃም የጆሮ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤያት ለዘመናት ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት ከብራና ይልቅ በድምፅ፣ ከዓይን ይልቅ በጆሮ የተጓዘ ነው። መምህሩ የሚናገረውን ቅኔ ተማሪው በጆሮው ይቀልባል፤ በልቡ ይይዛል፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ለጓደኛው ያቀብላል። በአማርኛም ቢሆን አንድ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል። «ዋና» ላልቶ ሲነገር በወንዝ ውስጥ የሚደረግ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ግን የነገሩ ቁንጮ ይሆናል። ይህን ልዩነት ፊደሉ አያሳይም፤ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። አዋጅ ነጋሪውም በገበያ መካከል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲል መስማት የግል ሀብት ሳይሆን ለሌላው የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ማወጁ ነበር።

በዚሁ አገር ዛሬ ጆሮ አዲስ እንግዳ ተቀብሏል። በደብረ ማርቆስ ጎዳናዎች የሚዘዋወረው ሱቅ በደረቴ ከመሀረቡ፣ ከካልሲውና ከማስቲካው ጎን መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ወይም ነጭ ሣጥን ደርድሯል። በሣጥኑ ውስጥ ጥንድ ማዳመጫ ተኝቷል። የሠራው ፋብሪካ ማንም ይሁን ማን፣ ገዢው «ኤርፖድ» እያለ ይጠራዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የባጃጅ ነጂው፣ በስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰው ልብስ ሰፊ ሁሉ ደንበኛው ነው። አንድን አዲስ ዕቃ ማወደስ ወይም ማውገዝ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ሚዛን አያስፈልጋቸውም። ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል?

ማዳመጫውን ከስልክ ጋር በማይታይ ክር የሚያስተሳስረው ብሉቱዝ የተባለው ዘዴ፣ በስዊድኗ የሉንድ ከተማ በኤሪክሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 መጠናት የጀመረ ነው። ስሙን ያገኘው በ10ኛው መቶ ዘመን ከነገሠው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ቅጽል ስም ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው የሬድዮ ሞገድ ይሠራል፤ በእንዲህ ያለ ማዳመጫ ላይ የሚበረታውም 10 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። የአሜሪካው አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ159 ዶላር ለገበያ ያቀረበው «ኤርፖድስ» የዕቃውን መልክም ስምም በዓለም አሠራጨ። የቻይና ፋብሪካዎችም ጊዜ ሳያጠፉ የዚያን ዋጋ ትንሽ እጅ በሚያህል ገንዘብ የሚሸጥ አምሳያውን አጎረፉት። በኢትዮጵያ ቴክኖ ስልኮችን የሚገጣጥመው ትራንሽን ኩባንያም ኦራይሞ በሚል ስም ማዳመጫዎችን ያቀርባል። ይሁን እንጂ «ርካሽ» የሚለው ቃል እንደ ኪሱ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለሌላው ርካሽ የሆነው ዕቃ ለገጠር ተማሪ የብዙ ቀን ስንቅ ማለት ነው። ስለዚህም ነው መመዘን የሚገባው።

ከጥቅሙ ለመጀመር፣ ማዳመጫው ብቸኛ ክፍል ለሌለው ሰው ክፍል ይሰጠዋል። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት ማደሪያ አንዱ ሲተኛ አንዱ ያነባል፤ አንዱ ሲያወራ አንዱ ይጸልያል። በዚህ መካከል የተቀዳ ትምህርት ለመስማት የፈለገ ወጣት ማንንም ሳያውክ ይሰማል። ማየት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያልፋል፤ የመምህሩን ንግግር ቀድቶ ደጋግሞ ማድመጥ ለእርሱ ደብተር መግለጥ ነው። ልብስ ሰፊው እጁ ከሥራው ሳይለይ ዜና ይሰማል፤ ከመኪናው መዘውር ጋር የሚጠላለፍ ገመድም የለበትም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሣጥኑ እንደ ትንሽ ጎተራ ያገለግላል፤ ደህና የሆነው ማዳመጫውን ደጋግሞ ሞልቶ ለቀናት ያቆያል። ሁለት ጓደኛሞች አንዷን አንዱ፣ ሌላዋን ሌላው ጆሮ ላይ ሰክተው ጎን ለጎን ሲሄዱ ማየትም የተለመደ ነው። ያቺ ከጆሮ ወደ ጆሮ የምትዘረጋ ፍሬ የጉርሻ ታናሽ እኅት ሳትሆን አትቀርም። በእርግጥ ቀኝና ግራው የየራሱን ድምፅ ስለሚይዝ ሁለቱም የሚሰሙት የዜማውን ግማሽ ነው፤ የአንዱ ጆሮ ሕመምም ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከድምፁ ነው። የርካሽ ማዳመጫ ሠሪ ገዢውን በመጀመሪያው ደቂቃ ለማስደነቅ ስለሚሻ፣ ጎርናናውን ድምፅ ከልክ በላይ ያሳብጠዋል። ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይህ እንደ በረከት ይቆጠር ይሆናል። ለአገሩ ዜማ ግን በደል ነው። የመሰንቆ ነፍስ ያለችው የጭራው ክር ሲፋቅ ከሚያወጣት ሻካራ ቃና ውስጥ ነው፤ ከበሮውና የኤሌክትሪክ ክራሩ በሚያጓራበት ቅንብር ውስጥ ይህች ቃና ትሰጥማለች። 10 አውታር ያለው በገና ደግሞ እንዚራ በተባለው ቆዳ አማካይነት እንደ ንብ የሚያነበንብ ድምፅ አለው። በርካሹ ማዳመጫ ጉርምርምታው ይቀራል፤ ንዝረቱ ይጠፋል። የሚሰማው የበገና ጥላ ነው። በዚህ ድምፅ ብቻ ያደገ ወጣት ዋናውን በገና ሲሰማ «ይህ ጎርባጣ ነው» ቢል ማንን መውቀስ ይገባል?

ሁለተኛው ጉድለት መዘግየት ነው። ድምፁ ተጨምቆ ተልኮ እንደገና እስኪፈታ ድረስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሊያልፍ ይችላል። ዘፈን ለሚሰማ ይህ ምንም አይደለም። ድራማ ለሚመለከት ግን የተዋናዩ ከንፈር ከቃሉ ይቀድማል። ሦስተኛው የመነጋገሪያው ነገር ነው። ማይክሮፎኑ ከአፍ ርቆ ጆሮ ላይ በመንጠልጠሉ፣ ከጮቄ የሚወርደውን ነፋስ ከባለቤቱ ቃል ይልቅ አጥርቶ ያስተላልፋል። በሣጥኑ ላይ «ጫጫታ አጥፊ» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የስልክ ንግግርን ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ጽሕፈት ብቻ ነው። ጫጫታውን በአብዛኛው የሚከለክለው ጎማው ነው። ስለሆነም በሣጥኑ ውስጥ የሚገኙትን የተለያየ መጠን ያላቸውን ጎማዎች ለክቶ ለጆሮው የሚስማማውን የመረጠ ሰው፣ በነጻ የተሻለ ማዳመጫ ገዛ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የዕድሜው ማጠር ነው። ባለ ገመዱ ማዳመጫ ሲበጠስ የደብረ ማርቆስ ሞባይል ጠጋኝ በብየዳ ያስነሣዋል። የገመድ አልባው ባትሪ ግን ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ በሙጫ የታሸገ ነው፤ ጥቂት መቶ ጊዜ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ጉልበቱ ይከዳል። በቀን ሁለቴ የሚሞላ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ይደክማል። በዚያን ጊዜ ጠጋኙ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዕቃውም ከነመርዙ ወደ ቆሻሻ ክምር ይሄዳል። አንዷ ፍሬ ከባጃጅ ላይ ብትወድቅም ጥንዱ ሁሉ ጎዶሎ ይሆናል።

ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ይፈትን። ከገዛ ስልኩ ጋር ያስተሳስረው። ስልኩን በኋላ ኪሱ ከትቶ አሥር እርምጃ ይራመድ። ዘፈን ሳይሆን ንግግር ያድምጥ፤ «ጸ»ን ከ«ሰ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አጥርቶ የማይለይ ማዳመጫ ለትምህርት አይበጅምና። ለዘመዱ ደውሎ «ይሰማል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሱቁ ነገ በስፍራው ከሚገኝና ዋስትና ከሚሰጥ ነጋዴ ይግዛ። የገመድ መሰኪያ ያለው ስልክ ለያዘና ገንዘብ ላጠረው ሰው ግን ያረጀው ባለ ገመድ ዛሬም የተሻለ ድምፅ በአነስተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ አይዘገይም፤ ባትሪም አይጠይቅ።

ጆሮ ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በከፍተኛ ድምፅ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት የተጋለጡ ናቸው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ጣራ 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት በሳምንት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ስሱ ፀጉራም ሕዋሳት አንዴ ከረገፉ እንደ መስክ ሣር ክረምት ሲመጣ አይበቅሉም። ለዚያውም ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ባለቤቱ የመጨረሻው ሰሚ ነው፤ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል። ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ አስፋልት የሚያቋርጠው መንገደኛ ደግሞ የባጃጁን ጥሩምባ ሳይሰማ ሌላ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

እነዚህ ሁሉ የዕቃው ጉድለቶች ናቸው፤ የተሻለ ዕቃ ሊያርማቸው ይችላል። ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ የማይታረመው ግን ሌላ ነው። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተረክ፣ ሬድዮ ያለው ቤት ሬድዮ ለሌለው ጎረቤት ደጁን ይከፍት ነበር። ማንበብ የሚችለውና የማይችለው በአንድነት ሰማ፤ በአንድነት አዘነ፤ በማግሥቱም በጉዱ ካሣ ንግግር ላይ ተከራከረ። ዛሬ ያው ትረካ በስልክ ውስጥ አለ። ሦስት ወጣቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ሦስቱም ያንኑ ሊሰሙ፣ አንዱም ለሌላው ሳይናገር ሊለያዩ ይችላሉ።

እንግዲህ ብቻ መስማት ጥፋት ነው ማለት ነውን? አይደለም። መልሱን የቅኔ ቤት ራሱ አስቀድሞ ሰጥቶታል። በቅኔ ቤት ተማሪው ለቆጠራ ከጓደኞቹ ይለያል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቃል ከቃል ያጋጥማል። ብቸኝነት ለጥበብ አስፈላጊ መሆኑን ሊቃውንቱ አልሳቱትም። ነገር ግን ቆጠራው መመለሻ አለው፦ ያሰበውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይዘርፋል፤ ይታረማል፤ ይመሰገናል ወይም ይሣቅበታል። ጉባኤ የሌለው ቆጠራ ቅኔ አይሆንም። በተጨማሪም የቆጣሪው ጆሮ ባዶ ነው፤ ቃሉ የሚመጣለት ከዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ማዳመጫው ብቸኝነትን ይሰጣል፤ ዝምታን ግን ይነሣል። ከጠዋት እስከ ማታ የሌላ ሰው ድምፅ የሚንቆረቆርበት ጆሮ የራሱን ቃል የሚሰማበት ጊዜ ከወዴት ያገኛል?

ስለዚህም ሚዛኑ የሚያዘነብለው ሰው ከሰማ በኋላ በሚያደርገው ነው። መምህሩ የተቀዳውን ትምህርት ተማሪዎቹ ለየብቻ ሰምተው እንዲመጡ፣ በክፍል ግን አፍ ለአፍ ገጥመው እንዲከራከሩበት ቢያደርግ፣ ርካሿ ፍሬ የጉባኤ አገልጋይ ትሆናለች። አዝማሪውም መሰንቆው ከኤሌክትሪክ ጩኸት ሳይዳመጥ ለብቻው ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቅጂ ቢያዘጋጅ፣ ደካማው ማዳመጫ እንኳ ነፍሱን ሊያደርስለት ይችላል። የባህል ቡድኖች ደግሞ በሳምንት አንድ ምሽት ተውኔት ወይም ትረካ በአደባባይ በጋራ የሚደመጥበት ጊዜ ቢያሰናዱ፣ ወጣቱ ማዳመጫውን ከጆሮው ለማውጣት ምክንያት ያገኛል። ምክንያት ሳይሰጡት «አውጣ» ማለት ግን ለተደፈነ ጆሮ መጮህ ነው።